ኳስ መሬት የማትነካበት ከተማ

ጎረቤቴ ጎሚስታ ናት። ጎማ ትፈታለች፣ የተበሳ ካላማዳሪያ ትለጥፋለች፣ ነፋስ ትሞላለች። እናቷ ያወጣችላትን ስም ዛሬ የሚያስታውሰው መታወቂያዋ ብቻ ነው፤ እኛ "ክሪክ" ነው የምንላት። ክሪክ ያው መኪናን ከመሬት የሚያነሳው ብረት ነው። ቁመቷን ያየ እንግዳ በቁመቷ የወጣላት ይመስለዋል። አይደለም! የወደቀ ነገር ማየት ስለማትችል ነው። ሕፃን አደናቅፎት ሲወድቅ እናቱ "እኔን!" ብላ ሳትጨርስ ክሪክ ብድግ አድርጋ አቧራውን አራግፋለታለች።

የእኔ ፎቶ ቤትና የእሷ ሱቅ አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። ነፋስ መሙያዋ ድንገት ሲነሳ ደንበኞቼ ይደነግጡና ፎቶው ላይ ዓይናቸው ተጨፍኖ ይወጣል። የከተማችንን ሰው መታወቂያ ሰብስባችሁ ብታዩ ግማሹ የተኛ ይመስላል። ቢሆንም ከጎረቤትነቷ አልለይም፤ ምክንያቱም ይህች ከተማ ዛሬ ያላትን ጠባይ የያዘችው ከእሷና ከአራት ጓደኞቿ ነው። ተጋነነ እንዳትሉ፣ ቆዩና ስሙኝ።

የእኛ ከተማ ሰው ዕቃ አይጥልም። ገበያ ላይ ከመኪና ቲማቲም ሲወርድ ሣጥኑ መሬት አይቀመጥም፤ ከእጅ ወደ እጅ እየተወረወረ ሱቅ ድረስ ይገባል፤ አንድም ቲማቲም አይፈርጥም። አዲሱ ጤና ጣቢያ ሲሠራ ጡቡ ሁሉ ፎቅ የወጣው በቅብብል ነው። ሻይ ቤት ውስጥ ብርጭቆ ከጠረጴዛ ሲንሸራተት ከጎን ያለው ሰው ወሬውን ሳያቋርጥ ይቀልበዋል። ካልቀለበውና ከወደቀ ቤቱ በሙሉ በአንድ ድምፅ "ነካ!" ይላል። እንግዳ ሰው ይህን ሲያይ ሳህኑን በሁለት እጁ ይይዛል።

ይህ ሁሉ የመጣው ከቅርጫት ኳስ ነው።

ክሪክ ተማሪ በነበረች ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን ሜዳ ጠጠር ነበር። ዙሪያውን አጥሩ እሾህ ነው። እሾሁ ደግሞ በአጥርነቱ ረግቶ አይቀመጥም፤ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ሜዳ ላይ ይዘራል። ኳስ ያለችው አንዲት ናት። እሷም በተበሳች ቁጥር ወደ ክሪክ አባት ትሄዳለች። ጎሚስታው አባት በሞረድ ይሞርዳታል፣ ማስቲሽ ይቀባታል፣ ይለጥፋታል። ከጊዜ በኋላ ኳሷ ከቆዳዋ ልጣፊዋ በዛ።

"ኧረ ተማሪዎች!" ይል ነበር ሰውየው። "ይቺ ኳስ እኮ ካሚዮን አይደለችም! አንድ እሾህ ብትጨምሩላት ለእሷም ለእኔም ፍታት ነው።"

ሴቶቹን ያሠለጥን የነበረው የጂኦግራፊ መምህር ነው። ቁጥብ ሰው ነበር፤ አንድ ቃል የሚበቃበት ቦታ ግማሹን ይናገራል። አንድ ቀን ሜዳ መሃል ቆመና "ከዛሬ ጀምሮ ኳስ መሬት አይነካም" አለ። በቃ። ለምን እንደሆነ አላለም። ነካች ማለት ፊሽካው ይነፋል፣ ኳሷ ለሌላው ወገን ትሰጣለች፣ ያስነካችው ልጅ ሜዳውን ትዞራለች። ክሪክና ጓደኞቿ ከዚያ በፊት ይህን ጨዋታ የትም አይተው አያውቁም። ስለዚህ መምህሩ ያለው ሁሉ የጨዋታው ሕግ ነው ብለው ተቀበሉት። ማን ይጠይቃል? ደግሞስ በእነሱ ጊዜ መምህር ይጠየቃል እንዴ?

እናም መቀባበል ለመዱ። እንዴት ያለ መቀባበል! ኳሷ ከእጅ እጅ ስትበር ለዓይን ታስቸግራለች። ማየት ሳያስፈልጋቸው ጓደኛቸው የት እንዳለች በትንፋሿ ያውቋታል።

ትልቁ ከተማ ላይ ውድድር መጣ። መምህሩን በዋዜማው ታይፎይድ ጣለው። ልጆቹን ይዞ የሄደው የትምህርት ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበር፤ እሱ ስለ ስፖርት የሚያውቀው በር መቆለፍ ነው። ጨዋታው ሲጀመር የትልቁ ከተማ ልጆች ኳሷን መሬት ላይ እያነጠሩ መጡባቸው። የእኛዎቹ ደርቀው ቀሩ።

"ነካ! ኧረ ነካ!"

ፊሽካው አልተነፋም። ከአምስቱ አንዷ፣ ዛሬ ልብስ ሰፊ የሆነችው፣ ያኔም ዛሬም "ፉጨት" የምንላት፣ ሁለት ጣቷን አፏ ውስጥ ከታ አፏጨችና ዳኛው ዘንድ ሄደች።

"ጋሼ፣ ዓይንዎን አሞዎታል እንዴ? መሬት አስነኳት እኮ!"

ዳኛው የምትቀልድ መስሎት ሳቀ። ፉጨት ወደ ጓደኞቿ ተመልሳ "በቃ ዘመዳቸው ነው፤ ለነሱ ተፈቅዷል። ዝም ብለን እንጫወት" አለች። ተጫወቱ። በንዴት ተጫወቱ! ኳሷ አንዴም መሬት ሳትነካ ዋንጫውን አንጠልጥለው መጡ። ከተማው ግልብጥ ብሎ ወጥቶ ተቀበላቸው፤ እኔም ያኔ በአባቴ ትከሻ ላይ ሆኜ እጄ እስኪቀላ አጨብጭቤያለሁ። "እያጭበረበሩን አሸነፍናቸው!" የሚለው ወሬ ከዚያ ቀን ጀምሮ የከተማችን ኩራት ሆነ። መምህሩ ከሕመሙ ሲነሳ ወደ ቤተሰቦቹ አገር ተዛወረ፤ የተረፈውን ግማሽ ቃል ሳይናገር ሄደ።

አምስቱ ልጆች አደጉ፣ ወለዱ፣ ልጆቻቸውን አስተማሩ። ልጆቻቸው የጎረቤት ልጆችን አስተማሩ። ሜዳው ሲሚንቶ ሆነ፣ እሾሁ ተነቅሎ ግንብ ታጠረ፣ ኳስም በቁጥር በዛ። ሕጉ ግን አልተነቃነቀም። ታዲያ ቴሌቪዥን አታዩም ወይ ትሉኝ ይሆናል። እናያለን! ሲያነጥሩም አይተናል። "የቴሌቪዥኑ የቴሌቪዥን ነው፤ ፊልም ላይ ሰው ከፎቅ ፎቅ ይዘላል፣ እኛ እንዘላለን እንዴ?" አልንና አለፍነው።

ዘንድሮ ነው ጉዱ የፈላው። አዲስ የስፖርት መምህር መጣልን፤ ገና ጢሙ በደንብ ያልበቀለ፣ ፈጣን፣ ትሁት ልጅ። የመጀመሪያ ቀን ሜዳ ላይ ወጣና ኳሷን ጠብ ጠብ አድርጎ አነጠረ። ልጃገረዶቹ ሁሉ እጃቸውን አውጥተው "ነካ!" ብለው ጮኹና ቆሙ። መምህሩ ወደ ኋላው ዞረ፣ እባብ የነካው ያህል እግሩን አየ።

"ምኑ ነው የነካው?"

"ኳሷ ናታ! መሬት ነካች።"

"እና?"

"እናማ ጥፋት ነው። ሜዳውን ዙር፣ መምህር።"

ዞረ አሉ! ግራ ቢገባው ዞረ። ዞሮ ሲጨርስ "ማነው ይህን ያስተማራችሁ?" አለ። ሁሉም ወደ አምበሏ ጠቆሙ። አምበሏ የክሪክ ልጅ ናት፤ ከክፍሉ ሁሉ ስለምትረዝም "ሚጢጢ" ነው የምትባለው። ሚጢጢም ደረቷን ነፍታ "እናቴ" አለች።

መምህሩ በዚያው ቀን ወደ ጎማ ሱቁ መጣ። ክሪክ የአንድ ጭነት መኪና ካላማዳሪያ ውሃ ገንዳ ውስጥ ነክራ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ ትፈልጋለች። ሹፌሩ የተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። እኔም የፎቶ ቤቴ በር ላይ ነበርኩ፤ ጆሮዬ ደግሞ የግድግዳውን ያህል ቅርብ ነው።

"እትዬ፣ ስለ ቅርጫት ኳስ ልጠይቅዎት ነበር።"

"አንቺ በለኝ፣ እዚህ ደንበኛ የሚያከብረው ጎማውን ነው። ምን ሆንክ ልጄ?"

"ኳስ ማንጠር… የጨዋታው ግማሽ እኮ ነው። የተፈቀደ ነው። ሁልጊዜም የተፈቀደ ነበር።"

ክሪክ ሳቀች። "ለዘመድ ነው የተፈቀደው።"

"ለሁሉም ነው፣ እትዬ።"

ሹፌሩ ከሣጥኑ ላይ ሆኖ "ልጁ እውነቱን ነው" አለ። "እኔ በየሄድኩበት ከተማ ሁሉ ያነጥራሉ። የናንተን ሳይ የአካባቢው ጸባይ ነው ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ሰው ቤት ገብቼ ለምን እንዲህ ትበላላችሁ አልል።"

የክሪክ እጅ ገንዳው ውስጥ ቆመ። ካላማዳሪያው ከእጇ አፈትልኮ አረፋውን እየተፋ ተንሳፈፈ። ፊቷን እያየሁ ነበር፤ ሩቅ የነበረ ነገር ቀስ ብሎ ሲመጣባት አየሁ። አባቷ፣ ሞረዱ፣ ማስቲሹ፣ ያ ሁሉ ልጣፊ።

"ለኳሷ ነበር" አለች በመጨረሻ፣ ለራሷ ያህል። "እንዳትበሳ። ጠጠሩ… እሾሁ… መምህራችን ኳሷን ሊያተርፍ ነው። ሕግ አይደለም።" ከዚያ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና "ወይኔ! ያ ምስኪን ዳኛ! ስንቱን ሰደብነው!" አለች።

ሳቅን፤ ሹፌሩም መምህሩም እኔም። እሷ ግን አልሳቀችም።

የማያስቀው ነገር፣ ክሪክ ኋላ እንደነገረችኝ፣ ማታውኑ ቤቷ ደረሰ። ትልቁ ከተማ ላይ ለሚደረገው ውድድር የቀረው ወር አይሞላም፤ ከዚያ ዋንጫ ወዲህ ሴቶቻችን ሄደውበት አያውቁም። ርዕሰ መምህሩ የሴቶች ቡድን ዘንድሮ ካልሄደ ሜዳውን ለሌላ ጉዳይ እንደሚፈልገው በስብሰባ ተናግሯል። ሚጢጢ ደግሞ ወጣቱ መምህር ክፍል ውስጥ ያስረዳውን ሰምታ ስትገባ ቦርሳዋን አልጋው ላይ ወረወረችው።

"አልሄድም።"

"ምን ማለትሽ ነው የኔ እናት?"

"ትልቁ ከተማ ሄደን መሳቂያ ልንሆን? ኳስ ማንጠር አንችልም እኮ እማዬ! ማንኛችንም አንችልም! ሕፃን ልጅ የሚችለውን! ያን ሁሉ ዘመን 'እያጭበረበሩን አሸነፍናቸው' እያልሽ…"

"ያሸነፍነው እውነት ነው።"

"ያጭበረበሩትስ?"

ክሪክ ቦርሳውን ከአልጋው አንስታ ምስማር ላይ ሰቀለችው። አምበሏ ካልሄደች ሌሎቹም እንደማይሄዱ ታውቃለች። ልጇ ከእሷ የወረሰችው ትልቁ ነገር ያ ጨዋታ ነው፤ እሱን ደግሞ ራሷ ያበላሸችባት መሰላት። ሌሊቱን እንዴት እንዳደረች አላውቅም። ጠዋት ግን ሱቋን ሳትከፍት ትምህርት ቤት ሄደች።

ልጆቹን ሜዳ ላይ አገኘቻቸው። ፉጨት "አትንገሪያቸው፤ እኔ ያልኩትን አልቀይርም፣ ዳኛው ዘመዳቸው ነበር!" ብላ ለምናት ነበር። ክሪክ ግን ቆማ ሁሉንም ተናገረች፤ ጠጠሩን፣ እሾሁን፣ የአባቷን ልጣፊ፣ ታይፎይዱን። "መምህራችን ኳሷን ሲያድን እኛ ሕግ መሰለን። እኛ ደግሞ ለእናንተ አወረስን። ከእኛ መሃል መሳቂያ መሆን ያለበት ሰው ካለ እኔ ነኝ፤ ሳቁብኝ።"

ሳቁባት። እንዲያውም ከሳቃቸው የተነሳ አንዷ ቁጭ አለች። ሚጢጢ ግን እጇን አጣምራ ቆማለች። ሳቁ ሲበርድ ወደ መምህሩ ዞረች።

"ማንጠር ይፈቀዳል አልከን። ግዴታ ነው ግን?"

መምህሩ አሰበ። "ይዘሽ መሮጥ አትችይም እንጂ… ግዴታስ አይደለም።"

"እንግዲያው ትላንት የወንዶቹን ቡድን አምጥተህ ኳስ ቀሟቸው ስትላቸው አንዴም ሳይቀሙን ቀሩ አይደል?"

"አልቀሙም" አለ መምህሩ፤ ፈገግ ብሎ። "እውነቱን ለመናገር ሌሊቱን ሙሉ ያሰብኩት እሱን ነው። እንደ እናንተ የሚቀባበል ቡድን በተማርኩበትም አላየሁ። የእናንተን ይዘን፣ ሲከቧችሁ ብቻ የምትወጡበት ትንሽ ማንጠር ብንጨምርበት…"

"ትንሽ" አለች ሚጢጢ፤ እናቷን ሳታይ። "እሺ። እንሞክር።"

ሞከሩ። ኳሷ ጣታቸውን አመለጠች፣ እግራቸውን መታች፣ አንዷ አፍንጫዋን አደማች። ባነጠሩ ቁጥር ራሳቸው "ነካ!" ብለው ይቆማሉ። መምህሩ አፉ ደረቀ። ክሪክ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ጎማ እየፈታች አመሻሹ ላይ ለኳሶቹ ነፋስ ትሞላለች፣ ውሃ ታቀርባለች፣ ከዳር ትቆማለች። ከልጇ ጋር ግን ከ"ራት ቀርቧል" የዘለለ ወሬ የላቸውም።

የውድድሩ ዕለት ግማሽ ከተማ አውቶቡስ ተሳፈረ፤ እኔም ፎቶ ቤቴን ዘግቼ። የመጀመሪያው ጨዋታ ላይ ተመልካቹ ሳቀብን። "እነዚህ ትኩስ ድንች ነው እንዴ የያዙት?" አለ አንዱ ከኋላችን። ጥቂት ቆይቶ ሳቁ ጠፋ። የእኛ ልጆች ኳሷን ሲቀባበሉ የተጋጣሚዎቹ አንገት እንደ በር ማጠፊያ ከወዲያ ወዲህ ይል ነበር። አሸነፍን! ያ ሰው ለሁለተኛው ጨዋታ እኛ መሃል መጥቶ ተቀመጠ፤ እሱንም ጨዋታ አሸነፍን።

ፍጻሜው ግን ሌላ ነው። የፍጻሜው ተጋጣሚያችን ዘዴያችንን ቁጭ ብሎ አይቷል። እያንዳንዷን ልጃችንን እንደ ጥላዋ ተከተሏት። ማብቂያው ላይ ሚጢጢ ኳሷን ይዛ መሃል ሜዳ ቀረች፤ በቀኝም በግራም ተይዟል፤ የምትቀበላት ልጅ የለችም። ኳሷን ከጭንቅላቷ በላይ አድርጋ ወዲህ ወዲያ ትላለች። ወደ እኛ አየች። ወደ እናቷ!

ክሪክ ከጎኔ ነበረች። ከወዲያ ጎኗ ፉጨት፣ ከኋላችን ደግሞ በዚያ ወሬ የኖረ ከተማ በሙሉ አለ። ተነሳች፤ ስትነሳ ጥላዋ ሁለት ረድፍ ሸፈነ።

"አንጥሪያት!"

ፉጨት ቀሚሷን ያዘቻት። "አበድሽ እንዴ አንቺ? በሰው ፊት?"

"አንጥሪያት የኔ ልጅ! መሬት ትንካ! ምንም አይደለም፣ ትንካ!"

ሚጢጢ አነጠረቻት። አንዴ። ከዚያ ደግሞ አንዴ። በሁለቱ ልጆች መሃል ሾልካ ወጣች፣ ዳር ላይ ለነበረች አንዲት አጭር ጓደኛዋ ወረወረችላት፣ ልጅቷም አገባች። እንዴት እንደጮህን አትጠይቁኝ፤ እኔ ያን ጊዜ ካሜራ አንገቴ ላይ እንዳለም ረስቼ ነበር። ከባለሙያ አይጠበቅም፤ ግን ረሳሁ።

በመጨረሻ ተሸነፍን። በአንዲት ቅርጫት። ፊሽካው ሲነፋ ልጆቹ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አሉ። ያሸነፉት ልጆች ግን ለራሳቸው ጨፍረው እንደጨረሱ መጡና "ያን ሳታዩ የምትቀባበሉትን እንዴት ነው የምታደርጉት? አሳዩን" አሏቸው። ተሸናፊና አሸናፊ ተቀላቅለው ሲቀባበሉ ርዕሰ መምህራችን፣ ድምፁ ከመጮህ ብዛት ሻክሮ፣ የስፖርት መምህሩን ትከሻ ይዞ "ለመጪው ዓመት ሁለት ቡድን ይኑረን፤ ታናናሾቹንም ጨምር" አለው። ሜዳውን ለሌላ ጉዳይ የሚለውን ነገር እኛም አላነሳንበትም፤ ሰው ሲለሰልስ አይቆነጠጥም።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ሚጢጢ ከእናቷ አጠገብ መጥታ ተቀመጠች።

"እማዬ።"

"ወዬ።"

"ስታነጥሪ አይቼሽ አላውቅም።"

"እኔም ራሴን አይቼ አላውቅም" አለች ክሪክ።

"ቅዳሜ ሜዳ ነይ። ጓደኞችሽንም ይዘሽ ነይ።"

መጡ። አምስቱም። ፉጨት እንኳን፣ "እኔ ለማየት ብቻ ነው" እያለች፣ ግን ጫማዋን ቀይራ። ሚጢጢ በፊታቸው ቆማ "ጉልበታችሁን አጠፍ አድርጉ፣ ዓይናችሁን ከኳሷ ላይ አንሱ" ስትላቸው አምስት ጎልማሳ ሴቶች እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ተሰለፉ። ክሪክ ኳሷን ገፋች። ኳሷ የጫማዋን ጫፍ መታችና በበሩ ወጥታ ወደ መንገዱ ተንከባለለች። እሷም ቀሚሷን ሰብስባ ተከተለቻት፤ አንድ ጭነት መኪና ቀጥ ብሎ ቆመላት።

"ምን ሆንሽ ክሪክ?" አለ ሹፌሩ በመስኮቱ ብቅ ብሎ።

"ትምህርት ላይ ነኝ! አትረብሸኝ!" ብላ ኳሷን አንስታ፣ እየሳቀች፣ ልጇ ወደምትጠብቃት ሜዳ ሮጠች።